አሥራ አንድ ዓመት የታፈነችው ቱቦ

ባሏ ኦሪን በሞተ በአራተኛው ወር አርዲስ ኖርቤክ አሥር ሜትር የሚረዝመውን የመኪና ቤታቸውን አስነስታ ከሰሜን ዳኮታ እስከ አሪዞና በረሃ ድረስ ብቻዋን ነዳችው። ልጇ ላይል በስልክ "አብደሻል እንዴ እማዬ?" አላት። ፓስተሯ ደግሞ ለስለስ አድርገው "እስቲ መጀመሪያ ጸልዪበት" አሏት። አርዲስ ጸሎቱን መንገድ ላይ አደርሰዋለሁ ብላ ቁልፉን አዞረች። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች፤ በበረዶ ላይ፣ ስድሳ ልጆች ከኋላዋ እየጮኹ፣ አንዱ እያስታወከ፣ ሁለቱ እየተደባደቡ። ዝም ብሎ የሚከተላትን ቤት መንዳት ምን ያቅታታል?

ኦሪንም ቢሆን አልቀረም። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በብስኩት ቆርቆሮ ታሽጎ ከድስቶቹ በላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ መንገዱን በሙሉ ምንም ሳያግዝ ተጓዘ።

የደረሰችበት ሰፈር "ሦስት ቁልቋል" ይባላል። ቁልቋሎቹ ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛውን አንድ የአዮዋ ሰው የመኪና ቤቱን ወደ ኋላ ሲመልስ ገጭቶ ጥሎታል። በክረምት ከበረዶ የሸሸ ጡረተኛ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፤ ሁለት መቶ የሚሆኑ የመኪና ቤቶች ተደርድረው፣ ከያንዳንዱ ፊት ሁለት ተጣጣፊ ወንበርና የፕላስቲክ አበባ። ኖርቤኮች ለአሥራ ሁለት ክረምት ሲመላለሱበት የኖሩ ሰዎች ናቸው። የዘንድሮ ቦታዋ ግን አዲስ ነው፤ ቁጥር አርባ አራት።

ቤቱ ይሸታል። በጨዋ አፍ እንናገረው ቢባል እንኳ የሚሸተው ያው የምታውቁት ነገር ነው። የእነዚህ ቤቶች ሽንት ቤት ወለሉ ሥር ታንከር አለው፤ ሰው የሠራውን ሁሉ ተቀብሎ፣ ሄዶ እስኪደፋ ድረስ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ይዞት ይዞራል። መቀመጫው እግር ሥር ያለው ፔዳል ሲረገጥ ጉሮሮው ይከፈትና ያለው ወደ ታች ይወርዳል። በኖርቤኮች ቤት ግን ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ታንከሩ እንደ ጠገበ በሬ ያገሳል፤ የሚወርደው ሳይወርድ ሽታው ቀድሞ ይወጣል።

ኦሪን ዕድሜውን የእህል ጎተራ ኃላፊ ሆኖ የኖረ፣ በእጄ የማልጠግነው ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ይህን የሚያምነው እሱ ብቻ ነበር። ለሽታው ሰማያዊ ፈሳሽ ጨመረ። አረንጓዴ ፈሳሽ ጨመረ። እርሾ ጨመረ፣ በረዶ ጨመረ፣ አንዴ ደግሞ በሬዲዮ ሰምቻለሁ ብሎ ግማሽ ጠርሙስ የፀጉር ሻምፖ ገለበጠበት። ሽታው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ላዩ ላይ የጥድ ደን በቀለበት እንጂ። መድኃኒቱ ሁሉ ሲያልቅበት ወደ ሚስቱ ዞረ።

"አርዲስ፣ እንዳትቀየሚኝ። ያ የጎመን ሾርባሽ ነው።"

የጥቅል ጎመኑን ሾርባ ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ ከድንችና ከተጨሰ አሳማ ሥጋ ጋር፣ ጥቁር የቅመም ዘር ጣል የሚደረግበት። አርዲስ መጀመሪያ በሳምንት የነበረውን በወር አደረገችው፤ ከዚያ ጭራሽ ተወችው። ሽታው ጎመን መቅረቱን የሰማም አይመስልም። ኦሪን ቀጥሎ ባቄላዋን ከሰሰ፤ ከዚያ እንቁላሏን። የሚከሰስ ምግብ ባለቀ ጊዜ "እንግዲህ ዕድሜ ነው" አላት። "ሴት ስታረጅ ሆዷ ይለወጣል። አንብቤዋለሁ።" የት እንዳነበበው አልተናገረም። አርዲስም አልጠየቀችውም። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር የጥፋተኛ ያህል ሹልክ ብላ ገብታ፣ ሹልክ ብላ ትወጣ ጀመር። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

አሁን እንግዲህ ኦሪን ሞቷል፣ የምትበላው ደረቅ ዳቦና ሻይ ነው፣ ቤቱ ግን እንደ ድሮው ይሸታል። ሰፈር በገባች በሦስተኛው ሳምንት ደጇ ተንኳኳ። ስትከፍት ጎረቤቷ ተርመን ፔል ቆሟል።

ተርመን ከኦሃዮ የመጣ ጡረተኛ ርዕሰ መምህር ነው፤ ቁጥር አርባ አምስት ላይ የሚኖር፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። በረሃ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ይለብሳል። ብዕሩን በያዘው የወረቀት ሰሌዳ ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ ቆሞ ነበር።

"ወይዘሮ ኖርቤክ፣ የኮሚቴው ደብዳቤ ደርሶዎታል?"

"ደርሶኛል። ለምን እንደተጠቀምኩበት ግን ባይጠይቁኝ ይሻላል።"

"ከቦታ ቁጥር አርባ አራት የሚመነጨውን ሁኔታ በተመለከተ ነው።"

"ሁኔታ የምትሉት ሽታውን ነው?"

"እንደዚያ ብለን አልጻፍንም።"

"እጃችሁ አልጻፈም፤ አፍንጫችሁ ግን ጽፎታል።"

ተርመን ጉሮሮውን ጠረገ። "በአሥር ቀን ውስጥ ሁኔታው ካልተስተካከለ ቦታውን እንዲለቁ ለስብሰባ ይቀርባል። ከልቤ አዝናለሁ።" ማዘኑን የነገራት እንደ መምህር ነው፤ ልጅ ከክፍል ሲያስወጣ።

አርዲስ በሩን ዘግታ ጥቂት ቆመች፤ ፊቷ ተቃጠለ። አውቶቡስ ላይ ሱሪው ላይ ያመለጠው ልጅ ሲሳቅበት አይታ ታውቃለች። ያኔ ልጁን ከጎኗ አስቀምጣ፣ የሳቁትን በመስታወት አፍጥጣ ታስፈራራ ነበር። ለእሷ የሚያፈጥጥላት የለም። በሌላኛው ጎን ወዳለችው ጎረቤቷ ሄደች። ዊሎዲን ትባላለች፤ ከአርካንሶ የመጣች፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላት ፀጉር ሠሪ፣ ሲጋራ ከከንፈሯ የማይለይ።

"እውነቱን ንገሪኝ ዊሎዲን። እሸታለሁ?"

"የኔ ማር፣ እኔ በቀን ሁለት ፓኮ የማጨስ ሴት ነኝ። ሽቶና ቤንዚን ከለየሁ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ።" ዊሎዲን ጭሱን ወደ ላይ ነፋች። "ያንቺ ግን ሸተተኝ።"

አርዲስ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት።

"ጣሪያው ላይ ያለውን ቆብ አይተሽዋል? የእኔን አንድ ክረምት ወፍ ጎጆ ሠርታበት አፍና ልትገድለኝ ነበር" አለች ዊሎዲን።

"የምን ቆብ?"

"የታንከሩ ቱቦ ነዋ! ታንከሩ በምን ይተንፍስ? ከታች ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ አልፎ በጣሪያው የሚወጣ ቱቦ አለ። ሽታው በዚያ ወደ ሰማይ መሄድ አለበት፤ ወደ ጌታ። ወደ አንቺ አይደለም።"

አርዲስ ጣሪያው ላይ ወጥታ አታውቅም። ጣሪያው የኦሪን ግዛት ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ነጭ ውሃ የማያስገባ ቀለም በባልዲ ይዞ ይወጣና ከዳር እስከ ዳር ይቀባዋል። ሲወርድ ተራራ የወጣ ሰው ይመስል ቢራ ይጠይቃል። በማግሥቱ ጠዋት መሰላሉን አቆመች። ዊሎዲን ሲጋራዋን እንድታጠፋ ተነግሯት እያጉረመረመች ያዘችላት። ፊት ለፊት ያለው ረድፍ በሙሉ ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ፤ በሦስት ቁልቋል ቴሌቪዥን የሚታየው ሌላ ነገር ሲጠፋ ነው።

ዳሌዋ እያመማት ወጣች። በአራት እግሯ እየዳኸች ሁሉንም አየች። የአየር ማቀዝቀዣው አለ። ሁለቱ የጣሪያ ማራገቢያዎች አሉ። የቴሌቪዥኑ አንቴና አለ። ቆብ ግን የለም።

"የለም እኮ!" ብላ ወደ ታች ጮኸች።

"መኖር አለበት! ከሽንት ቤቱ አናት ላይ ፈልጊ!"

ከሽንት ቤቱ አናት ላይ ያለው እንደ ብጉር ያበጠ ነጭ ክብ ነገር ብቻ ነው። በኪሷ በያዘችው ካቻቢቴ እጀታ መታችው፤ ባዶ ነገር ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ ሰጠ። ከታች የዳቦ ቢላዋ ተቀብላ ዙሪያውን ትቆርጠው ጀመር። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ድርብርብ ነው፤ አንዱን ስትገሽልጥ ሌላ፣ ሌላውን ስትገሽልጥ ሌላ። ሳታስበው ቆጠረችው። አሥራ አንድ ነው። ከሁሉም ሥር የደረቀ ማሸጊያ እንደ ቡሽ ተወትፏል።

ያኔ ነው ነገሩ የታወሳት። ቤቱን በገዙ በሁለተኛው ዓመት ነብራስካ ውስጥ ከዛፍ ሥር ሲያልፉ ቅርንጫፍ ጣሪያውን ገጨው። አንድ ነገር ተሰብሮ መንገድ ላይ ሲንከባለል ሰምታለች። ኦሪን መሰላል ላይ ወጥቶ ሲወርድ ደስታ በፊቱ ላይ ነበር። "ቀዳዳ ነው!" አላት። "ባላየው ኖሮ ዝናብ ሊገባብን ነበር። ደፍኜዋለሁ።" ሦስት ቀን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራው። ታንከሩ መተንፈስ ያቆመው፣ ሲደፋም እንደ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባቸው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ካቻቢቴውን በማሸጊያው ውስጥ ሰካችና በሁለት እጇ ወዘወዘችው። ቡሹ ወጣ። ከዚያ የአሥራ አንድ ዓመት ትንፋሽ አንድ ላይ መጣ።

ፊት ለፊት ያለው ረድፍ የሕዝብ መዝሙር እንደተዘመረለት ሁሉ ባንዴ ብድግ አለ። አንድ ሽማግሌ ወንበሩን ታቅፎ ሮጠ። ዊሎዲን መሰላሉን ለቃ በሁለት እጇ አፍንጫዋን ያዘች፤ "ኢየሱስ ሆይ! አንቺ፣ ምን ገድለሽ ነው እዚያ የደበቅሽው?" አርዲስ ጣሪያው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ትስቃለች። ሳቁ ወዲያው ተለወጠባትና አለቀሰች፤ እንደገና ደግሞ ሳቀች። ከታች ላሉት ልዩነቱ አልታያቸውም።

ከወረደች በኋላ እጇን ታጠበች። የብስኩት ቆርቆሮውን ከቁም ሳጥኑ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከፊቱ ተቀመጠች።

"አንተ" አለችው። "አሥራ አንድ ዓመት እኔ ነኝ አልከኝ።"

ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ጎመኔን ተውኩ። ባቄላዬን ተውኩ። ሐኪም ቤት ሄጄ ለማያውቀኝ ወጣት ሐኪም ሆዴ ይሸታል ብዬ ተናገርኩ፤ ታውቃለህ ይኼን? አታውቅም፤ አልነገርኩህማ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። አንተ ደግሞ በየመስከረሙ እየወጣህ የገዛ ጥፋትህን ስትለቀልቅ ከረምክ!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። "ምናለ አንድ ቀን እንኳ ተሳሳትኩ ብትል ኖሮ? ይኼኔ እዚህ ተቀምጠህ ሳቁን አብረን በሳቅነው ነበር።"

ኦሪን የናፈቃት ያኔ ነው። ከሞተበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ናፈቃት፤ የምትሰድበው ሰው አጥታ። ከሰዓት በኋላ ከተማ ወርዳ ጥቅል ጎመን፣ ድንችና የተጨሰ አሳማ ሥጋ ገዛች። ሾርባውን ሠርታ ሁለት ሳህን በላች፤ ለዊሎዲንም ላከችላት። ማንም ሰው ምንም አላላትም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏት ነበር። በማግሥቱ ግን ሽታው ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ በኩል። ነፋስ ሲነሣ ክፍቱን ቱቦ እንደ ዋሽንት እየነፋ ሽታውን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። የሽንት ቤቱ ጣሪያ ማራገቢያ ሲከፈት ደግሞ ይብስበታል። አርዲስ ይህ አልገባ ስላላት መጸዳጃ ወረቀት ቀጭን አድርጋ ቀደደችና ከመቀመጫው አፍ በላይ በክር አንጠለጠለችው። ማራገቢያውን ከፍታ ፔዳሉን ረገጠች። ወረቀቱ ወደ ላይ ተነሥቶ ተውለበለበ። ማራገቢያውን አጥፍታ ረገጠች። ወረቀቱ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ።

"ወይ ጉድ" አለች ለራሷ። ማራገቢያው ሽታውን የሚያስወጣ መስሏቸው እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍቱት ኖረዋል። እሱ ግን የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ ቤቱ በተራው ከታንከሩ ይስባል፤ እንደ ገለባ መምጠጫ። ሕጉ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ማራገቢያውን ማጥፋት፣ ፔዳሉን መርገጥ፣ ጉሮሮው ሲዘጋ መልሶ መክፈት። የነፋሱን ነገር ደግሞ ከከተማው የዕቃ መደብር ያገኘችው ቆብ ፈታላት። እንደ ዶሮ አንገት የሚዞር ቆብ ነው፤ ነፋሱ ከየትም ይምጣ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ነፋሱም ሲያልፍ ሽታውን ከቱቦው መጥጦ ይወስደዋል። ቆቡን ራሷ ሰካችው፤ ዙሪያውን ብቻ አሸገች፣ አፉን አይደለም። ወረቀቷን አንጠልጥላ እንደገና ፔዳሉን ረገጠች። ወረቀቱ ወደ ታች፣ ወደ ታንከሩ ተጎነበሰ። ስምንተኛው ቀን ነበር።

በነዚያ ቀናት አንድ ሌላ ነገር አስተዋለች። የተርመን ሚስት ግሌና በየጠዋቱ ፎጣና ሳሙና ይዛ፣ አንድ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ከሰፈሩ ጫፍ ወዳለው የጋራ ሽንት ቤት ትሄዳለች። ሁለት መቶ ሜትር ይሆናል። አርዲስ ዘጠነኛው ቀን ላይ አስቆመቻት።

"ግሌና፣ የእናንተ ቤት ሽንት ቤት የለውም እንዴ?"

"አለው" አለች ግሌና ወደ ቤቷ ዘወር ብላ አይታ። "ግን… ለቀላሉ ብቻ ነው ይላል ተርመን። ለከባዱ ውጭ እንሂድ ነው። እንዳይሸት።"

"እሱም ይሄዳል?"

ግሌና ፎጣዋን አጣጠፈች። "እሱ ጉልበቱን ያመዋል።"

አርዲስ የመለሰችላት የአውቶቡስ ሹፌር ቃል ስለሆነ እዚህ አይጻፍም። ግሌና በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ስትስቅ አርዲስ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

ስብሰባው በአሥረኛው ቀን ጠዋት በጋራ አዳራሹ ተደረገ። አምስት የኮሚቴ አባላት፣ ሠላሳ የሚሆን ወሬ ፈላጊ። ተርመን ተነሥቶ "የቦታ ቁጥር አርባ አራት ሁኔታ" ብሎ ጀመረ። አርዲስ እስኪጨርስ አልጠበቀችም።

"አቶ ፔል፣ ሽታ በወሬ አይፈረድም። ቤቴ ሃምሳ እርምጃ ነው። ተነሡና አሽትቱ።"

ሕዝቡ ከዚህ በላይ የወደደው አጀንዳ ኖሮ አያውቅም። ኮሚቴው አንድ በአንድ ሽንት ቤቷ ገባ። አንዷ የካናዳ ሴት እስከ መቀመጫው ጎንበስ ብላ አሸተተችና ወጥታ "ሳሙና ነው የሚሸተው" ብላ መሰከረች። ከዚያ ግን በሩ ላይ ቆመች፤ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ሁለት ጊዜ ሳበች።

"ይኼኛውስ ታዲያ ከየት ነው?"

ሁሉም ሳበ። ሁሉም ቀስ እያለ ወደ ቁጥር አርባ አምስት ዞረ። የተርመን አንገት ከነጭ ሸሚዙ በላይ ቀላ።

"የእኔ ቤት አዲስ ነው" አለ። "ሦስት ሽቶ የሚረጩ ማሽኖች አሉት።"

"ለምን ሦስት?" አለች አርዲስ።

ተርመን ወደ በሩ ሄዶ ቆመበት፤ ይህ ተገቢ አይደለም፣ አጀንዳው ላይ የለም አለ። ያኔ ግሌና መጣች። ባሏን በትከሻው ገፋ አድርጋ፣ በቁልፏ ከፈተችና "ግቢ አርዲስ" አለች። "በአርባ ስድስት ዓመት ጋብቻ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቤቴን እኔ ልክፈት።"

ቤቱ በላቬንደር አበባ ሽታ ታፍኗል፤ ከላቬንደሩ ሥር ደግሞ ያው ነው። ማራገቢያው ቀንና ሌሊት እንደሚሠራ ግሌና ነገረቻት። አርዲስ አጠፋችው። ግን ጣሪያ ላይ ስትወጣ ሌላ ነገር አገኘች። ቆቡ በቦታው አለ፤ ከፍታ በባትሪ ስታይ ቱቦው ግን የለም። ማሰሪያው ላልቶ ወደ ታች ተንሸራቷል፤ አናቱ ከጣሪያው በታች ቀርቷል፣ ሥሩ ታንከሩ ውስጥ ባለው ነገር ተነክሯል። ሽታው መሄጃ ሲያጣ ጣሪያውና ኮርኒሱ መሃል ይሽከረከራል።

"አንድ ሰው ይውጣ!" ብላ ጮኸች። "እኔ ሳስር ቱቦውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ተርመንን አየው። እሱም ግሌናን አየ። ግሌና መሰላሉን በጣቷ አሳየችው። "ጉልበትህን ያምሃል እንዴ?"

ወጣ። ሸሚዙን ሊያወልቅ ፈልጎ አፈረና ከነሸሚዙ ተንበረከከ፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ቱቦውን ያዘና ሳበ። የቱቦው ሥር ከታንከሩ ሲላቀቅ ድምፅ ሰጠ፤ ያ ሁሉ የሦስት ዓመት አየር በፊቱ ላይ ወጣ። ተርመን ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ግን አልለቀቀም። ይህን አርዲስ ለብዙ ሰው ተናግራለታለች፤ አልለቀቀም።

በብረት ማሰሪያ ስታስር፣ ከታች እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሦስት ክረምት አስኬድኳት" አላት።

"አይቼአለሁ።"

"በዝናብ ቀንም አስኬድኳት።" ቱቦውን ይበልጥ ጨብጦ ያዘ። "ምን ልበላት?"

"ተሳሳትኩ በላት። ቆርቆሮ ውስጥ ሳትገባ።"

ቆርቆሮው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳላት አርዲስ አልሰማችም። የታየው ግን ከማግሥቱ ጀምሮ ፎጣና ሳሙና ይዞ በየጠዋቱ ሁለት መቶ ሜትር የሚሄደው ተርመን መሆኑ ነው። አያስፈልግም ነበር፤ ቤቱ መሽተት አቁሟል። ግሌና ናት ለአንድ ወር ያዘዘችበት። በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ "የነፋስ አቅጣጫ በመለወጡ ጉዳዩ ተዘግቷል" ተብሎ ተጻፈ። አርዲስ አላረመችውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ደጇን ማንኳኳት ጀመረ። ማንም በቀጥታ አይናገርም። አንዱ ስለ አየር ጠባይ ያወራና ከግማሽ ሰዓት በኋላ "አንድ ጓደኛዬ ትንሽ ችግር አለበት" ይላል። አንዷ ኬክ ይዛ መጥታ ታለቅሳለች፤ ባሏ ለይቶ እንደሚተኛ ትነግራታለች። አርዲስ ወረቀቷን፣ ካቻቢቴዋንና መሰላሏን ይዛ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ የወፍ ጎጆ ነው፣ ወይ የተርብ ጭቃ። አንዳንዴ ደግሞ ውሃ የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ለዚህኛው "ታንከሩ ባዶውን አይሠራም፤ ከደፋህ በኋላ ሁለት ባልዲ ውሃ ጨምርበት፣ ደረቅ ክምር ምድር ላይም ይሸታል" ትለዋለች። የሁሉም ጥንዶች ታሪክ ግን አንድ ነው። ቱቦው ሲታፈን ሰውየው ሚስቱን ያማል፣ ሴትየዋ ባሏን ታማለች። ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

ላይል በየካቲት መጣ። ሳይናገር ነው የመጣው፤ ቤቱን ሸጦ እናቱን ወደ ሰሜን ሊመልስ ቆርጦ። ሲደርስ እናቱን ያገኛት የሰው ጣሪያ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ክንዷን ቀዳዳ ውስጥ ከትታ ነው። ደንግጦ "ውረጂ!" ብሎ ጮኸ።

"ሥራ ላይ ነኝ። ቁርስ ምድጃው ላይ አለ!"

ማታውን እራት ላይ የያዘውን ወረቀት አወጣ፤ ፋርጎ ውስጥ ለአረጋውያን የተሠራ አፓርታማ ፎቶግራፍ ነው። "ሊፍት አለው እማዬ። ዶክተርም አለው። ደግሞ አንቺ ወድቀሽ ዳሌሽን ብትሰብሪስ?"

"ብሰብር እሰብራለሁ።"

"አባባ ቢኖር ኖሮ እዚያ ላይ እንድትወጪ ይፈቅድልሽ ነበር?"

አርዲስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባቱን ልትነግርበት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነብራስካን፣ ቀዳዳውን፣ አሥራ አንዱን ልባስ። የልጇን ፊት አየችው። እንደ ኦሪን ሰፊ ግንባር ያለው ነው፤ ሲጨነቅ መሃሉ ይሸበሸባል። ዋጥ አደረገችው። "አይፈቅድልኝም ነበር" አለች። "አባትህ ጣሪያውን በጣም ይወደው ነበር።"

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ የያዘ የማኒቶባ ሽማግሌ ነው። ስለ ነፋሱ ተናገረ። ስለ ቡና ዋጋ ተናገረ። መሬት መሬቱን እያየ የአንድ ጓደኛውን ነገር አነሣ። አርዲስ ወንበር ሰጠችው፣ አልቸኮለችም፣ አልሳቀችም። "ጓደኛህ ማራገቢያውን ሲያበራ ይብስበታል?" ስትለው ሽማግሌው ቀና ብሎ በሁለት ዓይኑ አያት፤ እንባ ቀረሽ ነበር።

ላይል ይህን ሁሉ ቡናውን ይዞ እንደ ቆመ አየ። እናቱ ስትነሣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ቀደም ብሎ ወጣና መሰላሉን በትከሻው ተሸከመላት። ሐሙስ ዕለት ብቻውን ወደ ሰሜን ተመለሰ። እሷ እስከ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ የሰውን ጫማ ከአስፋልት እስኪያጣብቅ ድረስ ቆየች። በሚቀጥለው ኅዳርም ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም ስድስት ክረምት።